ድምፁ እየተሰማ ምስሉ የጠፋ ቴሌቪዥን፦ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት

ከአዳማ የጻፉልን አንባቢ ከአራት ዓመት በፊት የገዙት 43 ኢንች ቴሌቪዥን ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጠፍቶባቸዋል። አንድ ጊዜ «ባክላይቱ (ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት) ተቃጥሏል» ተብሎ ቢሠራላቸውም አምስት ወር ሳይሞላው መልሶ ጨልሟል። ከመጥፋቱ በፊት ባሉት ወራት ነጭ የነበረው ሁሉ ወደ ሰማያዊ እያደላ መምጣቱን፣ ከስክሪኑ ታች በስተግራ ደግሞ ክብ ነጭ ነጥብ መታየቱን ጽፈዋል። ቴሌቪዥኑ ከሰፊ መስኮት ትይዩ ስለተቀመጠ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍተው እንደሚጠቀሙ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት እንደማይጠፋ፣ በመጨረሻም ራሳቸው የኋላ ክዳኑን ፈትተው አቧራውን ከጠረጉ በኋላ ሳይገጥሙት ኮሪደር ላይ እንዳቆሙት ገልጸዋል። ጥያቄያቸው ቢያንስ አሥር ዓመት የሚያገለግል ቴሌቪዥን የትኛው ነው የሚል ሲሆን፣ ልባቸው ያረፈው በጣም ስስ በሆነ 55 ኢንች ላይ ነው።

ደብዳቤውን አንብቤ ሳልጨርስ ጥርጣሬዬ አንድ ቦታ ላይ አርፏል። የእርስዎን ቴሌቪዥን የገደለው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን ያመጣው ደግሞ እስከ መጨረሻው የተከፈተው ባክላይት ነው። ይህ ጥርጣሬ ትክክል ከሆነ የፈለጉትን ያህል ውድ ቴሌቪዥን ቢገዙ እዚያው መስኮት ትይዩ አስቀምጠው በዚያው ብርሃን እስከተጠቀሙበት ድረስ አሥር ዓመት አይዘልቅልዎትም። ስለዚህ ምርጫው ከምርቱ ስም ሳይሆን ከባክላይቱ አሠራርና ከሚቀመጥበት ቦታ ይጀምራል።

ጥርጣሬውን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ክዳኑን ይግጠሙ። ፓወር ቦርዱ (ለቴሌቪዥኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሰሌዳ) ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር የቤቱ 220 ቮልት ወደ ቀጥተኛ ከረንት ተለውጦ የሚጠራቀምበት ስለሆነ 310 ቮልት ገደማ፣ በአንዳንድ ሞዴሎችም እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ይይዛል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈሳል፤ የተበላሸ ቦርድ ላይ ግን ሳይፈስ ሊቆይ ይችላል። ካቻቢቴ መያዝ ለሚችል ሰው የቴሌቪዥን ክዳን መፍታት ቀላል ነው፤ ቦርዱን መንካት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በቴስተር ቮልቱን ለክተው ዜሮ መድረሱን ሳያረጋግጡ ጣትዎንም ብሩሽዎንም ወደ ፓወር ቦርዱ አያስጠጉ።

ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍተው ቴሌቪዥኑን ያብሩና የስልክዎን ባትሪ ስክሪኑ ላይ በጣም አስጠግተው ወደ ጎን አዘንብለው ያብሩበት። በብርሃኑ ክብ ውስጥ የሰው ጥላ፣ የቻናል አርማ ወይም ሜኑ ደብዝዞ ከታየ ፓነሉም (ምስሉ የሚታይበት ስክሪን) ሜይን ቦርዱም (ምስሉን የሚያዘጋጀው ዋናው ሰሌዳ) ደህና ናቸው፤ የጠፋው ከጀርባቸው ያለው መብራት ብቻ ነው። ሲበራ ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ብሎ የሚጨልም ከሆነም ምልክቱ ያው ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልዘርዝር፤ ምክንያቱም አብዛኛው ገዢ ስለማያውቀው ገንዘቡን የሚያወጣው በማይረባው ነገር ላይ ነው። የኤልሲዲ ፓነል ራሱ ብርሃን የለውም፤ ከጀርባው የሚመጣውን ብርሃን የሚያሳልፍና የሚከለክል መጋረጃ ነው። ብርሃኑን የሚሰጡት በቀጭን የአሉሚኒየም ጥብጣብ (ስትሪፕ) ላይ የተደረደሩ ትናንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ናቸው። እያንዳንዱ አምፖል በተፈጥሮው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ሲሆን ነጭ ሆኖ የሚታየን በላዩ የተቀባው ፎስፈር የሚባል ቢጫ ቅብ ከሰማያዊው ጋር ስለሚደባለቅ ነው። አምፖሉ ለረጅም ጊዜ ሲግል ፎስፈሩ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል፣ ሰማያዊውም ሳይደባለቅ ይወጣል። እርስዎ «ነጩ ወደ ሰማያዊ አደላ» ያሉት ይህንኑ ነው፤ ከመጥፋቱ ወራት አስቀድሞ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነበር። ክቡ ነጭ ነጥብ ደግሞ ብርሃኑን እንዲበትን በአምፖሉ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ ሙጫዋ በሙቀት ለቆ መውደቋን ያሳያል።

እነዚህ አምፖሎች በብዛት የተያያዙት በተከታታይ ነው፤ ከረንቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ ይሄዳል። በመካከል አንዱ ተቃጥሎ መንገዱ ከተቋረጠ ሌሎቹ ደህና ሆነው ሳለ መስመሩ በሙሉ ይጨልማል፤ የመቆጣጠሪያው ሰርኪዩትም ችግሩን ሲያይ ባክላይቱን ጨርሶ ይዘጋዋል። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ ዕድሜ የሚለካው በአማካዩ ሳይሆን በጣም በሚግለው አንድ አምፖል ነው። በቀን 6 ሰዓት የሚበራ ቴሌቪዥን በዓመት 2,190 ሰዓት፣ በአሥር ዓመት 21,900 ሰዓት ይሠራል። ባክላይቱን ከ100 ወደ 60 ማውረድ ለዓይን በጥቂት ቀናት የሚለመድ ለውጥ ነው፤ ለአምፖሉ ግን ከረንቱም ሙቀቱም በዚያው ልክ ገደማ ስለሚቀንስ ትርጉሙ በዓመታት ይቆጠራል። ፋብሪካዎች ግን ሱቅ ውስጥ ደምቆ እንዲታይ ሲሉ ብርሃኑን ከፍ አድርገው ይልኩታል፤ ገዢውም ቤቱ ወስዶ እንዳለ ይተወዋል።

ጥገናው ለምን አምስት ወር እንኳ እንዳልቆየ ክዳኑን ሳልከፍት መገመት እችላለሁ፤ በየጊዜው ለጥገና ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው ያው ነውና። በቅርቡ የከፈትኩት የእርስዎ ዓይነት ቴሌቪዥን ከሦስቱ ስትሪፖች አንዱ ብቻ ተለውጦ ነበር። የተለወጠው ስትሪፕ የአምፖሉ ቁጥር ተመሳሳይ ቢሆንም ቮልቱ የተለየ ነበር፤ ሌንሶቹ በሱፐር ግሉ ተለጥፈው ነጭ ጭጋግ አውጥተዋል፤ ስትሪፑም ከብረቱ ጀርባ ጋር በደንብ ተገናኝቶ ሙቀቱን እንዲያስተላልፍ ከማድረግ ይልቅ አሮጌው ሙጫ ሳይጸዳ በሁለት ፊት ፕላስተር ተለጥፏል። ርካሽ ስትሪፖች አሉሚኒየማቸው ስስ በመሆኑ ቀድሞውንም ሙቀት ማውጣት አይችሉም። ይህ ሁሉ አልፎ ከፋብሪካው የነበረው ከረንት ሳይቀነስ መልሶ ይዘጋል። ደንበኛው የከፈለው ለጥገና ነው፤ የተሰጠው ግን የወራት ዕድሜ ብቻ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

አሁን ወደ አዲሱ እንምጣ። በጣም ስስ የሆነውን 55 ኢንች ይተዉት። ቴሌቪዥን ያን ያህል የሚሳሳው አብዛኛውን ጊዜ አምፖሎቹ ከጀርባ በሙሉ መደርደራቸው ቀርቶ በአንድ ጠርዝ ላይ ስለሚደረደሩ ነው፤ ሙቀቱ በዚያች ቀጭን ጠርዝ ላይ ይከማቻል፣ ብርሃኑን የሚያሰራጨው የፕላስቲክ ሰሌዳም ከጊዜ በኋላ ሊጣመም ይችላል። ጀርባው ወፈር ያለውና አምፖሎቹ ከፓነሉ ኋላ በሙሉ የተዘረጉት ዓይነት ለዓይን ያን ያህል ባያምርም ሙቀቱ ይሰራጫል፣ ሲበላሽም በአግባቡ ይጠገናል። ሻጩን «አምፖሉ ከጠርዝ ነው ወይስ ከጀርባ?» ብለው ይጠይቁ፤ ካላወቀ የሞዴል ቁጥሩን ይዘው ራስዎ ይፈልጉ። «ኪውኤልኢዲ» የሚለው ስም አያሳስትዎ፤ ቀለሙን የሚያሻሽል ተጨማሪ ንብርብር ያለው ኤልሲዲ ነው እንጂ ባክላይቱ እንዳለ ነው። ኦሌድ ባክላይት የለውም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል፣ በጨለማ ክፍልም ምስሉን የሚወዳደረው የለም። ይሁንና ነጥቦቹ በበሩ ቁጥር ያረጃሉ። የቻናል አርማና ከሥር የሚሮጠው የዜና ጽሑፍ በየቀኑ ለሰዓታት በአንድ ቦታ በሚቆዩበት፣ ያውም በደማቅ ሳሎን ውስጥ፣ የአርማው ቅርጽ ታትሞ ሊቀር ስለሚችል ለእርስዎ ቤት አልመክረውም።

ከሶፋዎ እስከ ስክሪኑ 3 ሜትር ነው ብለዋል። ለዚህ ርቀት 50 ወይም 55 ኢንች ይበቃል። ስለ ፎርኬ (የፉል ኤችዲን አራት እጥፍ ነጥቦች ስላለው ምስል) ብዙ አይጨነቁ፤ 55 ኢንች ስክሪን ላይ የፉል ኤችዲን ነጥቦች ጤነኛ ዓይን መለየት የሚያቆመው ከ2.2 ሜትር ገደማ ጀምሮ ስለሆነ ከ3 ሜትር ልዩነቱን አያዩትም። ከዲሽ የሚመጡት ቻናሎችም በአብዛኛው ከፎርኬ በታች ናቸው። በዚህ መጠን ያሉት አዳዲሶቹ ራሳቸው ፎርኬ ሆነው ስለሚመጡ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጡበት ምክንያት የለም። ስማርት መሆኑም ለዋጋው ዋና ምክንያት አይሁን። መተግበሪያዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መታደስ ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ በኤችዲኤምአይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ መግዛት ይቻላል፣ ፓነልና ባክላይት ግን እንደዚያ አይተኩም።

ከመክፈልዎ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ። «100-240 ቮልት» የሚለው «220-240» ብቻ ከሚለው ይልቅ መብራት ሲደክም ይታገሳል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ «120 ቮልት» ብቻ የተጻፈበትን እኛ አገር ሶኬት ላይ መሰካት ማቃጠል ነው፣ የአንቴና መቀበያውም ለሌላ ስርጭት የተሠራ ስለሆነ ከእኛ ዲጂታል ስርጭት ጋር አይገጥምም። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ችግር የለበትም፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለውን ስፒና ግን በርካሽ አዳፕተር ከመሰካት ስፒናውን ማስለወጥ ይሻላል። የሚላወስ አዳፕተር ውስጥ የሚዘለው ብልጭታ ፓወር ቦርድ ሲበላ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ በፍላሽ ሦስት ምስሎች ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ሙሉ ነጭ፣ አንዱ ሙሉ ጥቁር፣ አንዱ ሙሉ ግራጫ ይሁን። ሻጩ የሚያሳየው ፏፏቴና አበባ ምንም አይነግርዎትም። ግራጫው ላይ የቆሸሸ ጨርቅ የመሰለ ጥላ ወይም ቀጥ ያለ መስመር ካዩ፣ ጥቁሩ ላይ ከጥግ የሚፈስ ብርሃን ካዩ ሌላ ካርቶን እንዲከፈትልዎ ይጠይቁ። እንግዶች ከጎን የሚቀመጡበት ሳሎን ከሆነ እርስዎም ከጎን ቆመው ቀለሙ ይነጣ እንደሆነ ይመልከቱ።

ቤት ሲደርስ ቦታውን ይለውጡ። ቴሌቪዥኑ ከመስኮቱ ትይዩ ሳይሆን መስኮቱ በጎኑ እንዲሆን ያድርጉ፤ ይህ የማይቻል ከሆነ ወፍራም መጋረጃ ያድርጉ። የመጋረጃው ዋጋ ከአንድ የባክላይት ጥገና ይልቅ ያዋጣል። ከግድግዳው 10 ሴንቲሜትር ያህል ያራቁት፤ በቡፌ ውስጥ ተጣብቆ አይቀመጥ። የዚያኑ ምሽት ሜኑው ውስጥ ገብተው «ዳይናሚክ» ወይም «ቪቪድ» የሚለውን ወደ «ስታንዳርድ» ወይም «ሲኒማ» ይለውጡ፣ ባክላይቱንም ቀን 60፣ ማታ 40 አካባቢ ያድርጉት። በብዙ ሞዴሎች «ብራይትነስ» የሚለው ጥቁሩን እንጂ መብራቱን አይቀይርም፤ ስለዚህ «ባክላይት» የሚለውን ራሱን ይፈልጉ።

ስለ መብራት መቆራረጥ የምለው አጭር ነው። ርካሽ ስታቢላይዘር አይግዙ፤ የቴሌቪዥኑ ፓወር ቦርድ ዝቅ ያለውን ቮልት በራሱ ይችለዋል፣ የሚገድለው ከፍ ያለው ነው። የሰፈሩ መስመር ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ሲበጠስ ቤት ውስጥ የሚገባው ቮልት እስከ 380 ሊጠጋ ይችላል። የሚያስፈልግዎት ቮልቱ ሲያልፍ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ ነው። ዲቫይደሩንም ወፍራም ሽቦ ያለውን ይምረጡ።

አሮጌውን አይጣሉት። የስልክ ባትሪው ፈተና ምስል ካሳየዎት ሦስቱም ስትሪፖች በሞዴል ቁጥሩ ልክ እንዲለወጡ፣ አሮጌው ሙጫ ተጠርጎ ከብረቱ ጋር በደንብ እንዲያያዙ፣ ከረንቱም በፓወር ቦርዱ ላይ እንዲቀነስ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ለልጆች ክፍል ዓመታት ያገለግላል። እስከዚያው ግን ኮሪደር ላይ ክዳኑ ተከፍቶ መቆሙ እጅግ ያሳስበኛል። አንድ ልጅ ስፒናውን ሶኬት ላይ ቢሰካ ካፓሲተሩ ወዲያው ይሞላል። ዛሬውኑ ስፒናው መነቀሉን አረጋግጠው፣ ቦርዱን ሳይነኩ ክዳኑን በብሎኖቹ ሁሉ ይግጠሙ፤ ገመዱንም ጠቅልለው በፕላስተር ከጀርባው ላይ ይሰሩት።