ኡቡንቱን ከፍላሽ ወደ ቨርቹዋል ቦክስ ስለመጫን ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ከኮምቦልቻ ጥያቄ ያቀረቡልን ተማሪ የገጠማቸው ችግር በአጭሩ ይህ ነው። ደሴ የሚኖር ጓደኛቸው ኡቡንቱ 24.04 የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ልኮላቸዋል። እርሳቸው ደግሞ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፓቸው ላይ ያለውን ዊንዶውስ 10 ሳይነኩ ኡቡንቱን በቨርቹዋል ቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥር ፕሮግራም) ውስጥ ጭነው ለትምህርታቸው ሊጠቀሙበት ይፈልጋሉ። ነገር ግን ፍላሹን ሰክተው ቨርቹዋል ማሽኑን ሲያስነሱት ማሽኑ ፍላሹን አያየውም፤ የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ ገልጾ ይቆማል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር በመጠገንና ወጣቶችን በማሠልጠን ስለምተዳደር ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ ደረጃ ፍላሽዎም ሆነ ላፕቶፕዎ አልተበላሸም። ቨርቹዋል ማሽን በፕሮግራም የተፈጠረ፣ የራሱ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ መነሻ ፕሮግራም) ያለው ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ ያ ባዮስ የሚያየውም በላፕቶፕዎ ላይ የተሰካውን ሁሉ ሳይሆን እርስዎ በሴቲንጉ ውስጥ ለማሽኑ የሰጡትን ብቻ ነው። በቨርቹዋል ቦክስ ሴቲንግ ውስጥ ማሽኑ ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር ቢመለከቱ ፍሎፒ፣ ሲዲ፣ ሃርድ ዲስክና ኔትወርክ ተጽፈው ያገኛሉ፤ ፍላሽ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የዩኤስቢ ዕቃ የሚያያዝበት ሌላ ሜኑ መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም የሜኑው ዋና አገልግሎት በማሽኑ ውስጥ ተነስቶ በመሥራት ላይ ላለ ሲስተም ፍላሽን፣ ፕሪንተርን ወይም ካሜራን ማቀበል እንጂ ማሽኑን ከፍላሽ ማስነሳት አይደለም።

ከዚህ በመነሳት የምመክርዎ ማሽኑ ከፍላሹ እንዲነሳ ከመታገልዎ በፊት ፍላሹ የተሠራበትን የአይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም የመጫኛ ዲስኩን ሙሉ ቅጂ የያዘውን ፋይል እንዲፈልጉ ነው። ሩፈስ የኡቡንቱ ፍላሽ የሚያዘጋጀው ከአይኤስኦ ፋይል ነው፤ ስለዚህ ጓደኛዎ ካላጠፋው በቀር ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ምናልባትም ዳውንሎድ ፎልደሩ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ቨርቹዋል ቦክስ ደግሞ የአይኤስኦን ፋይል ልክ እንደ ሲዲ አድርጎ ስለሚቀበል ፍላሽ ማዘጋጀቱ ራሱ ለእርስዎ ጉዳይ አስፈላጊ አልነበረም። የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ይህን ያህል ዳታ በሞባይል ፓኬጅ ማውረድ ለተማሪ ኪስ ከባድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ግን ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ስለሚመላለስ ፋይሉን በሌላ ፍላሽ አስገልብጦ ሐረጎን ወርዶ እንዲደርስዎ ማድረግ ከማውረድ እጅግ የቀለለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። አብዛኛው አነስተኛ ፍላሽ ከሱቅ ሲወጣ ፎርማቱ ፋት32 ነው፤ ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ዊንዶውስ ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ ሲመልሰው ሰዎች ፍላሹ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ጓደኛዎ ፍላሹን መጀመሪያ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ካደረገው ፋይሉ ያለችግር ይገለበጣል።

ፋይሉ እጅዎ ሲገባ ደግሞ ሳያረጋግጡ አይጫኑት። በአካባቢያችን ሶፍትዌር ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ በመንገድ ላይ የጎደለ፣ አንዳንዴም የተነካካ ፋይል ያጋጥማል። ኡቡንቱ ለእያንዳንዱ አይኤስኦ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው የኤስኤችኤ 256 መለያ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ይህ አጭር ጽሑፍ ስለሆነ በስልክ ለማየት ከፍተኛ ዳታ አይጠይቅም። በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚገኘው ሰርትዩቲል የተባለ ትዕዛዝ የእርስዎን ፋይል መለያ አስልቶ ያሳይዎታል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ፋይሉ ከምንጩ እንደወጣ ነው፤ በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያዩ ግን እንደገና ያስገልብጡ። ፍላሹን ራሱንም መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ያልያዘውን መጠን እንደያዘ አድርጎ የሚያሳይ ሐሰተኛ ፍላሽ በየገበያው አለ፤ እንዲህ ያለው ፍላሽ የገለበጠ መስሎ ፋይሉን ቆርጦ ያስቀራል።

ጓደኛዎ አይኤስኦውን አጥፍቶት ከሆነና ያለዎት ፍላሹ ብቻ ከሆነ ቀጣዩ መንገድ ፍላሹን ወደ ፋይል መለወጥ ነው። ፍላሹ በሩፈስ ሳይሆን ቬንቶይ በተባለው ሌላ የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም የተዘጋጀ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር፤ ቬንቶይ አይኤስኦውን ሳይፈታ እንዳለ ስለሚያስቀምጠው ከፍላሹ ላይ መገልበጥ ብቻ ይበቃል። የሩፈስ ፍላሽ ግን ፋይሎቹ ተፈትተው የተዘረገፉበት ነው። ለዚህም ቢሆን ራሱ ሩፈስ መፍትሔ አለው። ፕሮግራሙን ከፍተው ተጨማሪ የድራይቭ ምርጫዎችን ሲያሳዩ ከፍላሹ ስም አጠገብ የዲስኬት ምስል ያለባት ትንሽ ምልክት ትታያለች፤ እርሷን ሲጫኑ ሩፈስ ፍላሹን በሙሉ ቪኤችዲ በሚባል የዲስክ ፋይል መልክ ያስቀምጥልዎታል። ስታርት የሚለውን እንዳይነኩ አደራ እላለሁ፤ እርሱ ፍላሹን ያጠፋዋል። ፋይሉ የፍላሹን ሙሉ መጠን ሊያህል ስለሚችል በሃርድ ዲስክዎ ላይ 16 ጊጋባይት ያህል ክፍት ቦታ ያዘጋጁ። ከዚያም በቨርቹዋል ማሽኑ ስቶሬጅ ውስጥ፣ ከአዲሱ ባዶ ዲስክ ጎን፣ ይህን ቪኤችዲ እንደ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ያስገቡት። ማሽኑ በኢኤፍአይ (ባዮስን በተካው አዲስ የማስነሻ ሥርዓት) እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫም ያብሩ፤ ባዶው ዲስክ ምንም ስለሌለበት ኢኤፍአይው የሚነሳውን ከሁለተኛው ያገኘዋል።

ሦስተኛው መንገድ በየቪዲዮው በብዛት የሚታየው ነው፤ እኔ ግን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ይህም ቪቦክስማኔጅ በተባለው የቨርቹዋል ቦክስ የትዕዛዝ መሣሪያ አማካይነት ወደ እውነተኛው ፍላሽ የሚያመለክት አነስተኛ ቪኤምዲኬ ፋይል መፍጠርና ማሽኑ ፍላሹን እንደ ሃርድ ዲስክ እንዲያየው ማድረግ ነው። ይሠራል። የትዕዛዙ አጻጻፍ በ7.0 እና ከዚያ በፊት በነበሩት ቨርዥኖች የተለያየ ስለሆነ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ሳይሆን እርስዎ ከጫኑት ቨርዥን መመሪያ ይቅዱት፤ ኮማንድ ፕሮምፕቱንም ቨርቹዋል ቦክሱንም በአድሚኒስትሬተር መብት ይክፈቱ፤ አለበለዚያ መብት የለዎትም የሚል ስሕተት ይመልስልዎታል።

አደጋው ያለው በትዕዛዙ መጨረሻ ላይ ባለችው አንዲት ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ዲስኮችን ከ0 ጀምሮ ይቆጥራል፤ ባለ አንድ ዲስክ ላፕቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ 0 የራስዎ ሃርድ ዲስክ፣ 1 ደግሞ ፍላሹ ነው። ነገር ግን ሁለት ዲስክ ባለው ላፕቶፕ ላይ፣ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በተሰካበት ሰዓት፣ ቁጥሩ ይለወጣል። ባለፈው ጊዜ አንድ የመመረቂያ ሥራውን በማገባደድ ላይ የነበረ ወጣት ላፕቶፑን ይዞ መጣ። በቪዲዮ ያየውን ትዕዛዝ ሲገለብጥ በ1 ፋንታ 0 ጽፎ ነበር፤ ከዚያም በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የኡቡንቱ መጫኛ ሲጠይቀው ያንኑ ዲስክ መርጦ አጥፋ ብሎታል። ዊንዶውስ በሥራ ላይ ያለውን የራሱን ክፍል በቀጥታ እንዳይጻፍበት ስለሚከላከል መጫኑ መሐል ላይ ተቋረጠ፤ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ የሚገኘው፣ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚመዘግበው የክፍፍል ሠንጠረዥ ግን ከዚያ ጥበቃ ውጭ ስለሆነ ተጽፎበት ነበር። ላፕቶፑ ሲጠፋና ሲበራ ዊንዶውስ አልነሳም። ቴስትዲስክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የጠፉትን ክፍሎች ፈልገን ሠንጠረዡን መለስነው፤ ጽሑፉም ተገኘ። ሁልጊዜ እንዲህ ይገኛል ብዬ ግን ለማንም ዋስትና መስጠት አልችልም፤ ለዓመታት የተደከመበት ሥራ በአንዲት ቁጥር ሲጠፋ ማየት በጣም ያሳዝናል።

ስለዚህ በዚህ መንገድ መሄድ ግድ ከሆነብዎ ትዕዛዙን ከመጻፍዎ በፊት ዲስክ ማኔጅመንት የተባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ይክፈቱና መጠኑን በዓይንዎ ይዩ። ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ በዚያ መስኮት ላይ ከ15 ጊጋባይት በትንሹ ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ደግሞ 465 ገደማ ሆኖ ይታያል። ልዩነቱ የሚመጣው ፋብሪካዎች በ1000፣ ዊንዶውስ ግን በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው እንጂ የጎደለ ነገር የለም። ከዚያ ፍላሹን ነቅለው የትኛው መስመር እንደጠፋ፣ መልሰው ሰክተውም የትኛው እንደመጣ ያረጋግጡ። ጭነው ሲጨርሱ ያቺን ቪኤምዲኬ ፋይል ከማሽኑ አውጥተው ያጥፏት፤ ነገ በዚያው ቁጥር ሌላ ዲስክ ቢሰኩ ፋይሏ የምታመለክተው ወደዚያ ዲስክ ይሆናልና።

የማሽኑን አቅም በተመለከተ፣ ከ8 ጊጋባይት ራም ውስጥ 4ቱን፣ ከፕሮሰሰሩም 2 ኮር ይስጡት፤ ዲስኩን ደግሞ ከ25 ጊጋባይት አያሳንሱት። ከዚህ በላይ ራም ከሰጡት ዊንዶውሱ ራሱ ይታነቃል። ማሽኑ አልነሳ ካለ፣ ወይም በምርጫው ውስጥ 32 ቢት ብቻ ከታየዎት፣ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ከፍተው ከሲፒዩው ሥር ቨርቹዋላይዜሽን መብራቱን ይመልከቱ፤ ጠፍቶ ከሆነ በላፕቶፑ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ይገባል። ወደ ባዮስ ለመግባት በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10 ይጫናል።

መጫኑ ሲጀምር ኡቡንቱ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቼ ልጫን ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው መንገድ የመጡ ከሆነ አይደንግጡ፤ እርሱ የሚያየው የፈጠሩለትን ባዶ ዲስክ እንጂ የዊንዶውስዎን ዲስክ አይደለም። በቪኤችዲ ከሆነ ግን ሁለት ዲስክ ስለሚታይ 25 ጊጋባይት የሆነውን ይምረጡ። ሲጨርስና እንደገና ሲነሳ የመጫኛው ገጽ ተመልሶ ከመጣ መጫኑ አልተሳካም ማለት ሳይሆን አይኤስኦው ወይም ቪኤችዲው ስላልወጣ ነው፤ ከስቶሬጅ ያውጡት። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ ባትሪዎ የደከመ ከሆነ መጫኑን ባትሪው በሞላበት ሰዓት ይጀምሩ። መብራት ሄዶ ባትሪው እየወረደ ከሆነም ማሽኑን ሲዘጉ የሚመጣውን ሁኔታውን አስቀምጥ የሚለውን ምርጫ ይውሰዱ፤ መጫኑ ባለበት ቆሞ መብራት ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላል።

በዚሁ ጥያቄ ሥር ዊንዶውስ 11ን በዚህ መልኩ መጫን ይቻል እንደሆነ ለጠየቁት አባል፣ ይቻላል እላለሁ፤ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ቨርቹዋል ቦክስ ከ7.0 ጀምሮ ያቀርባል። 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ዲስክ ስለሚፈልግ ግን ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ ተረጋግቶ ይሠራል ብዬ አልመክርም።

ኡቡንቱው ተጭኖ አፕዴቱንና ለትምህርትዎ የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች ካስገቡ በኋላ ስናፕሾት፣ ማለትም የማሽኑን የወቅቱን ሁኔታ የሚያስቀምጥ ቅጂ ይውሰዱ፤ ቀጥሎ የሚበላሽ ነገር ቢኖር ወደዚያ ይመለሳሉ። ከዚያም ከፋይል ሜኑ ውስጥ ኤክስፖርት የሚለውን ተጠቅመው ማሽኑን በሙሉ አንድ የኦቪኤ ፋይል አድርገው ያውጡት። የክፍል ጓደኞችዎ ቨርቹዋል ቦክስን ብቻ ጭነው ያንን ፋይል ቢያስገቡ የተዘጋጀውን ኡቡንቱ ያገኛሉ፤ አዲስ አይኤስኦም ሆነ ዳታ አያስፈልጋቸውም። የይለፍ ቃልዎንና የግል ፋይልዎን ግን አስቀድመው ከውስጡ ያውጡ። ኦቪኤውም ከ4 ጊጋባይት ስለሚበልጥ የሚያድሉበትን ፍላሽ በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት።