መልስ፦ 5ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11 ወይስ ሊኑክስ?

ወንድሜ፣ የትኛውን ልጫን ብለህ ጠይቀሃል፤ ላፕቶፕህ ኮር አይ 5 አምስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም ነው ካልክ ዊንዶውስ 11ን እርሳው። ማይክሮሶፍት ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን እንዲህ ያለ ኢንቴል አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። ይህን ፍተሻ ሩፉስ በሚባል የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ዘለው የሚጭኑልህ ሞልተዋል፣ ግን ክሮም ስትከፍት ይንቀራፈፋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ሥራህ በፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም) ወይም በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ) ከሆነ ሊኑክስ፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃ ሲስተም፣ አይሆንህም፤ ሁለቱም የዊንዶውስ ናቸው። ካልሆነ ሊኑክስ ሚንት ከሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ እትም ምረጥ። 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ በሩፉስ ጻፈው፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሳትጭን ከፍላሹ አስነሳና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት መንቃቱን ሞክር። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ የሠራው የዋይፋይ ካርድ መጀመሪያ ላይ ላይታይ ይችላል። ያኔ ስልክህን በዩኤስቢ ኬብል አገናኝተህ ኢንተርኔት አጋራው፣ ከዚያ የጎደለውን ድራይቨር የሚጭንልህን ድራይቨር ማናጀርን ክፈት።

ስትጭን ተጠንቀቅ፦ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለው ምርጫ ሲ ድራይቭን ብቻ ሳይሆን እዚያው ዲስክ ላይ ያለውን ዲ ድራይቭንም ይጠርጋል። ፋይልህን አስቀድመህ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ሃርድ ዲስኩ አሁንም የድሮው የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ የትኛውንም ብትጭን ያው ነው፤ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ግዛ።