የአንባቢያን ጥያቄ፦ የዕቃ ማድረሻ 125 ለውድድር ሲዘጋጅ

ጥያቄ፦ ለዓመታት ዕቃ ሳደርስበት የቆየሁት የቻይና 125 ሞተር ሳይክል አለኝ፤ የሆንዳ ሲጂ ግልባጭ የሆነው ማለት ነው። በተዘጋ ሜዳ ለሚደረግ ውድድር ላዘጋጀው አስቤያለሁ። ሜካኒኬ «መጀመሪያ የ150 ሲሊንደር እንግጠምበት» ይለኛል። ገንዘቤ ግን ሁሉን አያዳርስም። ከየት ልጀምር?
አ. መ. ከፒያሳ

መልስ፦ ሲሊንደሩን ለመጨረሻ ያቆዩት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማንዋሉ ላይ 11 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት 125 ፒያሳ ላይ ከ8 ብዙም አያልፍም። የ150 ሲሊንደር 20 በመቶ ቢጨምርለት እንኳ ከፍታው የወሰደበትን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። በእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ሰዓት የሚተርፈው ኩርባ ላይ ነው፤ ፍጥነት አንዴ ከወረደ መልሶ የሚያመጣው ጉልበት የለምና። ስለዚህ ገንዘቡ በቅድሚያ ለኩሽኔታ፣ ለፍሬንና ለጎማ ይውጣ።

ከዚያም በፊት ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ፤ መፍታት። የፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ መስታወት፣ ክላክስ፣ ፖርቶ ባጋልዮ፣ የተሳፋሪ እግር ማሳረፊያ፣ ሁለቱ መቆሚያዎች፣ የብረት ፓራፋንጎ ሁሉ ይውለቁ። የወለቀውን በአንድ ማዳበሪያ ከትተው ቢመዝኑት 10 ኪሎ ገደማ ቢሆን አይግረምዎ። ሞተር ሳይክሉ በጠቅላላው ከ110 ኪሎ ብዙ ስለማይርቅ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ባትሪውን ከማውለቅዎ በፊት ግን ገመዱን ብቻ ነቅለው በእግር ለማስነሣት ይሞክሩ። ከተነሣ ሲዲአይው (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ሳጥን) ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በቀጥታ ከማኝቶው (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል) ስለሆነ ባትሪው አያስፈልግም። ካልተነሣ በባትሪ የሚሠራ ነውና ትንሽ ባትሪ ይተዉለት። ይህ ሙከራ ሳይደረግ ሽቦ እየተቆረጠ፣ «እሳት የለውም» ተብሎ ስንት ደህና ኮይል ተጥሏል!

ቀጥሎ ኩሽኔታዎች። ኮብልስቶን ላይ ዓመታት የሠራ ሞተር ሳይክል የመሪው ኩሽኔታ አልቋል ብለው ይነሡ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተው መሪውን በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ ያዙሩት። ልክ መሐሉ ላይ ሲደርስ ያዝ የሚያደርገው ከሆነ ኳሶቹ መቀመጫቸውን ጎድጉደውታል፤ ማጥበቅ አያድነውም፣ ይቀየር። የኋላ ጎማውንም ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙት። ጎማውን የያዘው ሹካ ቴላዮው (የሞተር ሳይክሉ ዋና የብረት አካል) ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ የሚያንቀጫቅጭ ከሆነ ቡሹ ሄዷል። ያለዚህ ጥገና ውድ ጎማ መግዛት ትርጉም የለውም፤ ኩርባ ላይ ሞተር ሳይክሉ የሚዋኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የፊት ሾክ አብዞርበሩን አሮጌ ዘይት ጨርሰው ያፍስሱና ወፈር ያለ የሾክ ዘይት፣ 15 ወይም 20 ቁጥር፣ በሲሪንጅ ለክተው በሁለቱም በኩል እኩል ያስገቡ። ሞላው ላይ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር የሚረዝም የቱቦ ቁራጭ ይደረብበት። ልክ መሆኑን ለማወቅ በሾኩ ዘንግ ዙሪያ የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስሩ፤ የውድድር ልብስዎን ለብሰው ሰው ደግፎልዎ ይቀመጡበት። ማሰሪያው ሾኩ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋበት ቦታ ከ30 እስከ 35 ሚሊሜትር ከተገፋ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሬን ሲይዙ አፍንጫው ይደፋል፣ በጣም ካነሰ ደግሞ ጎማው እየነጠረ መሬት ይለቃል።

የፊት ፍሬኑ የታምቡር ከሆነ ወዲያው ወደ ዲስክ ለመቀየር አይቸኩሉ። አዲስ ሸራ ሲገባ ታምቡሩን የሚነካው ብዙ ጊዜ በመሐሉ ብቻ ነው። ሸራው ላይ ጠመኔ ቀብተው ጎማውን አዙረው ፍሬን ይያዙ፤ ጠመኔው የጠፋበት ቦታ የሚሠራው ክፍል ነው። ግማሹ እንኳ ካልጠፋ ቶርኖ ቤት ወስደው ሸራውን በታምቡሩ ልክ ያስላጡት። በተጨማሪም ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሲያዝ ገመዱና ከታምቡሩ የሚወጣው ክንድ ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ 90 ዲግሪ፣ መሥራት አለባቸው። ክንዱ በጥርሱ ላይ ያለቦታው ከገባ የጣትዎ ኃይል በከንቱ ይባክናል። ዲስክ ካስፈለገ ሾኩን፣ የመሪውን መያዣ፣ አክሱንና ጎማውን ከአንድ ሞተር ሳይክል እንዳለ ያምጡ፤ ከየቦታው የተለቃቀመ አይገጥምም።

ለጎማ 17 ቁጥር ቸርኬ ይሻላል፤ ለትንሽ ሞተር ሳይክል የሚሆን ለስላሳ ጎማ በብዛት የሚሠራው በዚህ ልክ ነው። አዲሱን ቸርኬ በአዲስ ራጂ (የቸርኬው ሽቦ) የሚያስር ጎሚስታ ይፈልጉ፤ አሮጌው ራጂ ቁመቱ አይሆንም። ንፋሱን በቀዝቃዛው ከ24 እስከ 26 ፒኤስአይ ይጀምሩ። ዕቃ ሲጫንበት የነበረውን ግፊት ይዘው ሜዳ አይግቡ።

በመጨረሻ ፒኞንና ኮሮና፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የፊትና የኋላ ጥርሶች። እዚህ ከተማ አምስተኛ ማርሽ ላይ ከአራተኛው የበለጠ የማይሮጥ 125 ሞልቷል፤ ማርሹ የተሰላው ለባሕር ጠለል አየር ነውና። ፊት ከ14 ወደ 13 ጥርስ መውረድ ከኋላ 41ን 44 ከማድረግ ጋር እኩል ነው፤ ዋጋው ግን በጣም ያንሳል። ልኩ ይህ ነው፦ በሜዳው ረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ፣ ፍሬን ከመያዝዎ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሞተሩ በመጨረሻው ማርሽ ከፍተኛ ዙሩን ይንካ። ቀድሞ ከነካ አንድ የኋላ ጥርስ ይቀንሱ፣ ጭራሽ ካልደረሰ ይጨምሩ።

አንድ ነገር እንጨምር። መብራትና መስታወት የወለቀበት ሞተር ሳይክል ቸርችል ጎዳና ላይ አይነዳም። ሜዳው ድረስ በፒክአፕ ይጫን።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ባየሁት መሠረት ክፍት የአየር ፊልትሮ ገጠምኩ፣ ማርሚታውን አውልቄ ባዶ ቱቦ አደረግሁ፣ የካርቡራተሩንም ዋና ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ ቁራጭ) ከ100 ወደ 115 ከፍ አደረግሁት። አሁን ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ከግማሽ ነዳጅ በላይ ስሰጠው ይንተባተባል። ጄቱን በመርፌ ላስፋው ወይስ ሌላ ካርቡራተር ልግዛ?
ከካዛንቺስ

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። የተከተሉት ምክር በባሕር ጠለል ለሚነዱ ሰዎች የተጻፈ ነው። እውነት ነው፣ ክፍት ፊልትሮና ነፃ ማርሚታ ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃሉ። ከፍታው ደግሞ ቤንዚን እንዲቀነስ ይጠይቃል። እዚህ ሁለቱ ስለሚካካሱ መነሻዎ የፋብሪካው 100 ወይም ከዚያ በታች ያለው 97.5 ነው።

ጄቱን በመርፌ ወይም በሽቦ ማስፋት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ቀዳዳው ውስጡ ይሻክራል፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ከዚያ በኋላ ምንም አይነግርዎትም። ከ95 እስከ 110 ያሉትን በ2.5 ልዩነት ገዝተው በአንድ ትንሽ ዕቃ ይያዙ፤ ከአንድ ካርቡራተር በብዙ ይረክሳሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲስ ካንዴላ ያስገቡ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በተዘጋ ሜዳ ቀጥታው ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ሰጥተው ጥቂት ይንዱ። ነዳጁን ሳይለቁ በአንድ ጊዜ ሞተሩን በማጥፊያው ያጥፉና ፍሪሲዮን ይያዙ፤ ሳያስነሡት ቆመው ካንዴላውን ይፍቱ። ነጩ ሸክላ ላይ ቀላል ቡናማ ከታየ ጄቱ ልክ ነው። ጥቁር ከሆነ አንድ ደረጃ ይውረዱ። ነጭ ሆኖ ጥቃቅን ነጠብጣብ ካሳየ ወዲያው ሁለት ደረጃ ይውጡ፤ ያ ፒስተን የሚበሳ ሙቀት ነው። ሞተሩን በዝግታ እየነዱ ወደ ጋራዥ ከተመለሱ በኋላ ካንዴላ ማየት ግን ስለ ዝቅተኛው ዙር ብቻ ነው የሚነግርዎት። በመካከለኛ ነዳጅ የሚንተባተበውን በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን መርፌ አንድ ደረጃ ዝቅ በማድረግ፣ ሥራ ፈት ሲል የሚያስቸግረውን በጎን ባለችው ትንሽ ቪቴ ያስተካክሉ።

ባዶውን ቱቦ በተመለከተ፦ ድምፁ ያታልላል። አጭር ባዶ ቱቦ ከኩርባ ሲወጡ የሚፈልጉትን የመካከለኛ ዙር ጉልበት ይበላል። የፋብሪካውን የፊት ቱቦ እንዳለ ትተው ከኋላው ቀለል ያለ ማርሚታ ያስበይዱ።

ውድድሩ አዳማ ወይም ሐዋሳ ከሆነ ደግሞ ልብ ይበሉ። እነዚህ ከተሞች ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚሉ አየሩ ወፈር ይላል፤ እዚህ ልክ የነበረው ጄት እዚያ ያንሳል። ከመጀመሪያው ዙር በፊት ከ2.5 እስከ 5 ከፍ አድርገው ይግቡ፣ ከዚያ በካንዴላው እየተመሩ ይውረዱ። ጥላሸት ያለበት ካንዴላ ይጠረጋል፤ የቀለጠ ፒስተን ግን ሞተር ያስፈታል።

ጥያቄ፦ ኮምፕሬሽን (የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ የሚታመቅበትን መጠን) ለመጨመር ቴስታታውን (የሲሊንደሩን የላይ ክዳን) ላስላጥ እፈልጋለሁ። ስንት ሚሊሜትር?
ከሜክሲኮ

መልስ፦ ሳይለኩ ቶርኖ ቤት አይሂዱ። ሲሊንደሩ 56.5 ሚሊሜትር ስፋት፣ ፒስተኑ 49.5 ሚሊሜትር ጉዞ ካለው ሞተሩ 124 ሲሲ ነው። ፒስተኑን ከፍተኛው ነጥብ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን የካንዴላው ቀዳዳ ወደላይ እንዲያይ አዘንብለው፣ በሲሪንጅ ቀጭን ዘይት እስከ ቀዳዳው ጥርስ መጀመሪያ ይሙሉ። 15.5 ሲሲ ከያዘ ኮምፕሬሽኑ 9 ለ 1 ነው፤ 124ን ለ15.5 ሲያካፍሉ 8 ይመጣል፣ አንድ ይጨመርበታል። ወደ 10.5 ለማድረስ 13 ሲሲ መቅረት አለበት። የሲሊንደሩ ስፋት ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት 2.5 ሲሲ ስለሆነ የሚላጠው አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። የሚላጠውም ቴስታታው ሳይሆን የሲሊንደሩ ታችኛ አፍ ቢሆን ይመረጣል፤ የቴስታታው ጉድጓድ ቅርጹ አይበላሽም። የእኛ ስስ አየር እዚህ ያግዛል፤ በባሕር ጠለል በዚህ ልክ የሚያንኳኳ ሞተር እዚህ ዝም ይላል። ዝቅ ወዳለ ከተማ ሲወርዱ ግን ያው ሞተር ሊያንኳኳ ይችላል።

ከመዝጋትዎ በፊት ልጆች የሚጫወቱበትን ባለቀለም ሊጥ ፒስተኑ አናት ላይ ለጥፈው በአሮጌ ጓርኒሲዮን ይግጠሙ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ጊዜ አዙረው ይክፈቱ። ቫልቩ የተጫነበት ቦታ ላይ የቀረው ሊጥ በመግቢያው ከ1.5፣ በመውጫው ከ2 ሚሊሜትር ከሳሳ ፒስተኑ ላይ ኪስ ይቆፈር። ሲሊንደሩ ሲያጥር የቫልቭ ዘንጎቹ እንደረዘሙ ይቆጠራልና ክፍተቱን እንደገና በቀዝቃዛው 0.08 ሚሊሜትር ያድርጉ።

የ150 ሲሊንደርን የጠየቁም አሉ። ስፋቱ 62 ሚሊሜትር ስለሆነ እጅጌው በ125ቱ የታችኛ አካል አፍ አይገባም፤ አፉ ይሰፋል። ያ የሚሠራው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈቶ፣ ኮሎው (ክራንክ ሻፍቱ) ወጥቶ ነው። በጨርቅ ወትፎ እዚያው የሚያሰፋ ሰው ቢያገኙ ይተዉት፤ የአሉሚኒየም ፍንጣሪ የቢዬላውን (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ኩሽኔታ ይጨርሰዋል። የሚገቡበት ምድብ 125 ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድልዎትም።

ጥያቄ፦ ቴላዮውን ቆርጦ ማሳጠር ያፈጥናል?
ከተክለ ሃይማኖት

መልስ፦ አያፈጥንም፣ ያጋድላል። ከመቀመጫው በስተኋላ የተረፈውን ብረት ይቁረጡ፤ ከዚያ ወደፊት መጋዝ አይነሣ።

ጥያቄ፦ ከውድድር በፊት በሚደረገው ፍተሻ ብዙ ጊዜ የሚጥለው ምንድን ነው?
ከመርካቶ

መልስ፦ ዘይት። አንድ ሰው ያፈሰሰው ዘይት ከኋላው የሚመጡትን ሁሉ ይጥላልና ፈታሾች እዚህ ላይ አይለቁም። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ራስ ላይ 1.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ አስበስተው በ0.8 ሚሊሜትር የማይዝግ ሽቦ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ስበው ይሰሩት። መሙያው ክዳንም እንዲሁ። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ታሰረ ጠርሙስ ይግባ። መሪው ላይ ያሉት የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች ጫፍ ድቡልቡል፣ ቢያንስ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይሁን፤ የተሰበረና በሞረድ የሾለ እጀታ አያሳልፉም።

የሚገባው ዘይት አንድ ሊትር ያህል ነው፤ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለው የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ማንሸራተቻ ስላለው በዘይት የሚዋኘውን ፍሪሲዮን ያንሸራትታል፣ ከዚያ ሸራ ቀይሩ ይባላሉ። ይህ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ወንፊትና በኮሎው ጫፍ ላይ ቆሻሻውን እያሽከረከረ የሚይዝ ክዳን ብቻ ነው። ዘይቱን ከየውድድሩ በኋላ ይቀይሩ፣ ያንንም ክዳን ከፍተው በቤንዚን ይጠቡት።