የ«ፖላር ኤክስፕረስ» ፊልም መጨረሻ፦ ቃጭሉ አልተሰበረም

እህቴ፣ «ወላጆቹ የቃጭሉ ድምፅ ለምን አይሰማቸውም? ተሰብሮ ነው ወይስ ሁሉም ሕልም ነበር?» ላልሽው፦ አልተሰበረም።

ሰሜን ዋልታ ላይ የሆነውን አስታውሺ። ቃጭሉ ከገና አባት አጋዘኖች መታጠቂያ ወልቆ ሲወድቅ፣ የገና አባት መኖሩን ይጠራጠር የነበረው ልጅ አነሳው። ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቀው፣ ጭጭ! «አምናለሁ» ካለ በኋላ ነው ጥርት ብሎ የተሰማው። የወላጆቹም ነገር ያው ነው። ቃጭሉ የተሰበረ የመሰላቸው በገና አባት ማመን ከተዉ ስለቆዩ ነው። ትንሿ እህቱ ግን ወዲያው ሰማችው።

ሕልም ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም። ቃጭሉ በተቀደደው የጋውኑ ኪስ ሾልኮ ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ከገና ዛፉ ሥር በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ ተገኘ። አብሮት ያለው አጭር ማስታወሻ የኪሱን ቀዳዳ አስጠግን ይለዋል። የፈረመው «ሚስተር ሲ» ደግሞ የገና አባት ራሱ ነው።

ሆዴን የሚያባባኝ የመጨረሻው ትረካ ነው። ልጁ አድጎ፣ በትልቅ ሰው ድምፅ ያወራል። ጓደኞቹ አንድ በአንድ መስማት አቆሙ። ያቺ እህቱም ሳትቀር፣ አንድ የገና ዕለት ድምፁ ጠፋባት። እሱ ካረጀ በኋላም ይሰማዋል። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ እኔ ግን እዚያ ቦታ ስደርስ ዛሬም እንባዬ ይመጣል።