መጀመሪያ አባትሽን ሆነሽ ተጫወቺ

ከአቃቂ የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜሽ 22 ነው። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ስትፈልጊ ቆየሽ። ልብሽ ግን ትወና ላይ ነው። በሰፈራችሁ ወጣት ማዕከል ከጓደኞችሽ ጋር ስለ አቃቂ ወንዝ መበከል አጭር ድራማ ሠራችሁ። ድራማው ውስጥ ጎመን በቆሻሻ ውኃ እያጠጣ የሚሸጥ ስግብግብ ሰውዬ አለ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። አባትሽ ግን አንቺን ያስተማሩት ወንዙ ዳር ቆስጣና ሰላጣ እያለሙ ነው። በማግስቱ ጉልት የምትቸረችር ደንበኛቸው "ልጅዎ አትብሉ እያለች እኔ ለማን ልሽጠው?" ብላ ቆስጣውን መለሰችባቸው። ከዚያ ወዲህ አያናግሩሽም። "ትወናውን ልተው ወይስ ከቤት ልውጣ?" ነው ጥያቄሽ።

ሁለቱንም አታድርጊ፣ እህቴ።

ወንዙ መታመሙ እውነት ነው። በዚያ ውኃ የሚለማ አትክልት ላይ እንደ እርሳስ ያሉ ለጤና ጎጂ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውም በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ዝም በሉ አልልም። ግን ውኃው ከየት እንደሚመጣ አስቢ። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የፋብሪካውንና የየቤቱን ፍሳሽ ተሸክመው ከተማዋን አቋርጠው ነው እናንተ ጋ የሚደርሱት። ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አባትሽ ያሉት ታች ነው። ያቆሸሸው ያለው ላይ ነው። እናንተ መድረክ ላይ ያወጣችሁት ታች ያለውን ሰው ነው፤ ቅርብ ስለሆነና ማስመሰሉም ስለሚቀል። በእኔ ዓይን ይሄ የትወናም የድርሰትም ጉድለት ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቦታ እንዲህ ብለሻል፤ "አባቴ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ቦቲውን ሲያጠልቅ ከግራው ይጀምራል። ቀኝ ጉልበቱን ስለሚያመው ቀኙን ሲያስገባ ግድግዳውን ይይዛል።" ይህቺን ያየች ልጅ ተዋናይ መሆን ትችላለች። ድራማችሁ ውስጥ ግን ይህቺ ግድግዳ የያዘች እጅ የለችም። እሷን ይዘሽ ጀምሪ። አባትሽን ሆነሽ ተጫወቺ። ውኃው መጥፎ መሆኑን እያወቁ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን የሚያስነሱበትን ሰዓት አጫውቺን። ተመልካቹ ያኔ ራሱ ቀና ብሎ ወደ ላይኛው ወንዝ ያያል።

ስለ አንድ አሜሪካዊ ተዋናይ ልንገርሽ። ሮበርት ሬድፎርድ በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በዩታ ግዛት በስተደቡብ ሊሠራ የታሰበ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫን በአደባባይ ተቃወመ። ሥራ እናገኛለን ብለው የጠበቁ የአካባቢው ሰዎች ምስሉን ሠርተው አቃጠሉት። ፕሮጀክቱ በ1976 ተሰረዘ። ይህን ታሪክ ሳስብ ከማሸነፉ ይልቅ የእነዚያ ሰዎች ቁጣ ነው ትዝ የሚለኝ። ለአካባቢ ስንታገል እንጀራው የሚነካበት ሰው አለ። ሬድፎርድ በ2005 ፊልም ሠሪ ከነበረው ልጁ ከጄምስ ጋር የአካባቢ ጥበቃ ፊልሞችን የሚሠራ ማዕከል አቋቋመ። አባትና ልጅ በአንድ ጉዳይ ላይ አብረው መሥራት ይችላሉ ማለት ነው።

አሁን ስለ ገንዘብ። ተዋናይ የሚከፈለው ባብዛኛው በሥራው ልክ ነው። ድራማው ሲቆም ክፍያውም ይቆማል። ስለዚህ የሒሳብ ሥራ መፈለግሽን አታቁሚ፤ አቃቂና ቃሊቲ ካሉት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ጀምሪ። ቢያንስ ሥራሽ ለቤትሽ ይቅረብ፤ መሀል ከተማ ልምምድ ኖሮሽ ማታ 2 ሰዓት ካለቀ ከስታዲየም ቤትሽ ድረስ ታክሲ ምን ያህል እንደሚያንገላታ አንቺው ታውቂዋለሽ። ደግሞ ፊልምና ተከታታይ ድራማ የሚሠሩ ሰዎች ወጪያቸውን በወጉ የሚይዝላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። በዚያ በር ገብተሽ ቀረጻ ምን እንደሚመስል ልታዪ ትችያለሽ። የትርጉም ድራማና የራዲዮ ድራማ የድምፅ ፈተና ሲወጣም አትለፊው። መማር ከፈለግሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ትምህርት ቤት አለ። መስፈርቱን ከወሬ አትስሚ፤ ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ። እስከዚያው ሀገር ፍቅርና ብሔራዊ ቴአትር እየገባሽ እይ። አንዱን ቴአትር ሁለቴ እይ፤ በሁለተኛው ቀን የማይናገረውን ተዋናይ ብቻ ተከታተይ።

ወደ አባትሽ ልመለስ። ሽማግሌ ለመላክ አትቸኩዪ። ነገ ሌሊት ከእሳቸው ጋር ተነሺ። ቆስጣውን አብረሽ እሰሪ። ይቅርታውን እዚያው፣ እጅሽ ሥራ ላይ እያለ ጠይቂ። ቁጣው ሲበርድላቸው ወንዙ በልጅነታቸው ምን ይመስል እንደነበር ያጫውቱሽ። ድራማውን እንደ አዲስ ስትጽፉት መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለእሳቸው አሳዪያቸው። ይሄ ይውጣ ያሉትን አውጪ።

ቦቲ ከሌለሽ ከጎረቤት ተዋሺ። ሌሊት ጭቃው ይበርዳል።