ፊርማህን ከማሳረፍህ በፊት ይቺን አንብባት

ወንድሜ፣ «ያንን የድሮ አሜሪካዊ ኮሜዲያን፣ ፖል ሊንድን ሳይ የካርቱን ድምፅ መሥራት አማረኝ፣ ሰው ሁሉ ድምፅህ ያስቃል ይለኛል፣ ከየት ልጀምር?» ብለሃል። ማይክ ምናምን ስለመግዛት ሌሎቹ ይነግሩሃል፣ እኔ እዚሁ ሜሪላንድ ሆኜ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ።

1. ድምፅህን አታሳምር። ሊንድ እኮ በአፍንጫው ነበር የሚያወራው፣ ቃሉን እየጎተተ፣ እያሽሟጠጠ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ያቺን ሳቁን ጣል ያደርግ ነበር። ሆሊውድ ስኩዌርስ የሚባለው፣ ታዋቂ ሰዎች ሳጥን ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ጥያቄ የሚመልሱበት የቲቪ ጨዋታ ላይ በፈረንጅ ከ1968 ጀምሮ መሃለኛዋ ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ በአንድ መስመር መልስ አሜሪካንን ሲያስቅ ኖረ። በ1973 ሻርሎትስ ዌብ የሚባለው የካርቱን ፊልም ላይ ቴምፕልተን የሚባለውን ሆዳም አይጥ ሲሆንም ያንኑ ድምፅ ነው ይዞ የገባው። እኔ ጅሉ ግን የመጀመሪያ ቀን የዜና አንባቢ ድምፅ አውጥቼ ገባሁ፣ ቀረፃው ላይ ያለው ልጅ «ጋሼ፣ ማን ሞተ?» አለኝ።

2. ውሉን አንብብ። ይሄ ነው ዋናው። አንድ ኤጀንሲ ደወለልኝ፣ ለሕፃናት ጥርስ ክሊኒክ የአማርኛ ካርቱን አለ፣ አንተ ጥርስ የምትበላዋን ትል ትሆናለህ፣ 150 ዶላር። ኡበር እየሠራሁ ነበር፣ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ በስልኬ ፈረምኩ፣ አንድ መስመር አላነበብኩም። ትሏን ግን አሳምሬ ነው የሠራኋት፣ ይሄን ማንም አይወስድብኝም፣ አራት ሰዓት ሙሉ እየተንጫጫሁ ሦስት ቀን ድምፄ ተዘጋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልጄን ሌላ ክሊኒክ ይዤ ሄድኩ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቲቪ በኔ ድምፅ ይስቃል! ልጄ «አባዬ አንተ ነህ!» ብላ ጮኸች፣ ሰው ሁሉ ዞረ። መጨረሻው ላይ ስሜን ጠበቅኩ፣ የለም። ኤጀንሲው ጋ ደወልኩ፣ ሴትየዋ «ባይአውት ነው፣ ፈርመሃል አይደል?» አለችና ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ለካ ለዘላለም፣ የትም ቦታ፣ ያለ ስም ሸጬዋለሁ። ሊንድም በ1969 በፔነሎፒ ፒትስቶፕ ካርቱን ላይ ሁድድ ክሎ የሚባለውን ተንኮለኛ ሲሠራ ስሙ አልተጻፈም፣ እሱን ግን አፉን ሲከፍት ሀገር ያውቀው ነበር፣ እኔን ያወቀችኝ ልጄ ብቻ ናት።

ስለዚህ ለስንት ጊዜ፣ የት የት እንደሚጫወት፣ ሲያድሱት ስንት እንደሚከፍሉህ አስጽፍ። ስምህንም።

3. ሦስተኛ ልል የነበረው... አዎ፣ የቀን ሥራህን አትልቀቅ። ሊንድ እንኳ በ1972 በስሙ የተከፈተለት ሾው አንድ ሲዝን ነው የቆየው፣ ሕዝቡ እዛችው ሳጥን ውስጥ ነው የፈለገው። እኔም ስንት ቀልድ ጽፌ ሠርግ ላይ መድረክ ስወጣ «ተወው እሱን፣ ትሏን አምጣት!» ይሉኛል።

ውል ከላኩልህ ፎቶ አንስተህ ኢንቦክስ አድርግልኝ፣ እሁድ ስለማልነዳ አብረን እናየዋለን። ፓርኪንግ ላይ ሆነህ ብቻ እንዳትፈርም።