አፈሩ አልደከመም፣ ተረግጧል

ጥያቄውን የላኩልን አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦

«ከክበባችን ልጆች ጋር በትምህርት ቤቱ ግቢ አትክልት ጀምረን ነበር። ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ዘራን። ዳር ዳሩ ደህና ነው፤ መሀሉ ግን ቀጭጮ ቢጫ ሆነ። ካሮቱ ሲነቀል አጭርና መንታ ነው። ውሃ አይጎድልበትም፤ አርፍደው የሚመጡ ተማሪዎች በየጠዋቱ ያጠጡታል። መሬቱ ደክሞ ይሆን? ማዳበሪያ እንግዛ ወይስ መድኃኒት እንርጭ? ልጆቹ ተስፋ እየቆረጡ ነው።»

መምህርት፣ መልሱን እኮ ራስዎ ጽፈውታል። «ዳር ዳሩ ደህና ነው» ያሉት ቦታ ላይ ነው ያለው። መሬት ሲደክም ዳር መሀል አይልም፤ ሁሉንም ያቀጭጫል። ተባይም ሆነ በሽታ መሀል መሀሉን ብቻ መርጦ አይገባም። በእርስዎ መደብ (አትክልቱ የተዘራበት ቁራሽ መሬት) ላይ ዳሩን ከመሀሉ የሚለየው፣ ልጆቹ ዳሩን ከውጭ ሆነው መድረሳቸው ነው። መሀሉን ለማረም፣ ለማጠጣት ወይም የወደቀ እርሳስ ለማንሳት ግን መግባት አለባቸው። ይገባሉም።

የመደቡን ስፋት አልነገሩኝም። እኔ ልገምት፦ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ምናልባትም ይበልጣል። ይህ በየሥልጠናው የሚነገር ልክ ነው፤ ስህተትም የለበትም። የተለካው ግን በአዋቂ ክንድ ነው። አዋቂ ሰው ከግራም ከቀኝም 60 ሳንቲሜትር ተዘርግቶ መሀሉ ላይ ይደርሳል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከ40 ወይም 45 ሳንቲሜትር በላይ ለመድረስ ወይ ጉልበቱን መደቡ ላይ ያሳርፋል፣ ወይ ዘው ብሎ ይገባል።

በየቀኑ ስለሚጠጣ አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እርጥብ አፈር ሲረገጥ ከደረቁ በጣም ይጠቀጠቃል። በአፈሩ መካከል አየርና ውሃ የሚተላለፍባቸው ክፍተቶች ይደፈናሉ። ውሃው ወደ ታች መስረግ ያቅተውና ላይ ላዩን ይቀራል። ሥሩ አየር ያጣል። አየር ያጣ ሥር ደግሞ አፈሩ ውስጥ ምግብ ቢኖርም አይስብም፤ ቅጠሉ ቢጫ የሆነው በዚህ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያው ይቅርብዎ፤ መብላት ያልቻለ ተክል ላይ ተጨማሪ ምግብ መከመር ነው የሚሆነው። ካሮቱም ቢሆን ቁልቁል መውረጃ ሲያጣ ነው መንታ የሚያወጣው። ድንጋይ ወይም ያልበሰለ ፍግ እንዲህ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ግን የዳሩም ካሮት አይተርፍም ነበር።

እኔን ብቻ አይመኑ፣ ልጆቹ ይፈትኑት። ከጠጣ በማግስቱ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ይያዙ። አንድ ልጅ ዳሩ ላይ፣ ቀጥሎ ደግሞ መሀሉ ላይ በአንድ እጁ ይውጋ። የገባውን ያህል በጣቱ ይዞ ያውጣና በማስመሪያ ይለካ። ዳሩ ላይ ሰተት ብሎ ገብቶ መሀሉ ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ወርዶ ከቆመ፣ ነገሩ አለቀ። መሀሉም ዳሩም እኩል ከገባ ግን ግምቴ ስቷል ማለት ነው፤ መልሰው ይጻፉልኝ።

ማስተካከያው ገመድ፣ ችካልና የአንድ ከሰዓት ጉልበት ነው።

ከክበቡ ልጆች ክንዱ አጭር የሆነውን ይምረጡ። መሬት ላይ ቁጢጥ ይበልና ጉልበቱን ሳያስደግፍ እጁን ወደፊት ይዘርጋ። ከጣቱ ጫፍ እስከ እግሩ ጣት ይለኩ። ያንን በሁለት ያባዙት፤ የመደባችሁ ስፋት እሱ ነው። 80 ሳንቲሜትር አካባቢ ቢመጣ አይገርመኝም። «ጠበበ» የሚል ሰው አይጠፋም። ይበል።

ርዝመቱን ከ4 ሜትር አያሳልፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መደቡ ከረዘመ ልጅ አይዞረውም፣ ይዘለዋል። ሲዘል ደግሞ ሁልጊዜ አይሳካለትም። በመደቦቹ መካከል 50 ሳንቲሜትር መተላለፊያ ይተዉ፤ ባልዲ የያዘ ልጅ ያለችግር ይለፍበት።

ከዚያ ቁፋሮ። አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ አይንኩት፤ የባሰ ይጨፈለቃል። አንድ እፍኝ ጨብጠው በጣት ነካ ሲያደርጉት የሚፈረከስ ከሆነ ጊዜው ነው። ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይፈታ። ይህን ሥራ ትልልቆቹ ይሥሩት፤ ትንንሾቹ ጓል ያድቅቁ፣ ድንጋይ ይልቀሙ። የመተላለፊያውን ለም የላይ አፈር እየዛቁ መደቡ ላይ ይጨምሩት፤ መደቡም በዚያው ከፍ ይላል። አካባቢዎ ውሃ የሚያጥረው ከሆነ ግን ከፍ አያድርጉት፣ ቶሎ ይደርቅብዎታል፤ ደልዳላ ይሁን። የበሰለ ኮምፖስት ካለ ሁለት ጣት ያህል አልብሰው ከላይኛው አፈር ጋር ያዋህዱት። ከሌለ ለዚህ ዙር ያለሱ ይጀምሩ።

አሁን ዋናው ነገር። ከዚህ በኋላ ማንም መደቡን አይረግጥም። ተማሪ፣ መምህር፣ ርዕሰ መምህር፣ ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ፣ ማንም። አዋቂ አንድ ጊዜ ገብቶ ልጆቹ ካዩ ሕጉ ፈረሰ። የመደቡን ጠርዝ በድንጋይ ያስከብቡት፤ ልጆቹ ድንጋዩን ቀለም ሊቀቡት ቢፈልጉም ይቅቡት። መተላለፊያው ላይ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ይጎዝጎዝ። ልጅ የት እንደሚረገጥ በዓይኑ ካየ በየደቂቃው መጮህ አያስፈልግዎትም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። «አርፍደው የሚመጡ ተማሪዎች ያጠጡታል» ብለዋል። በእርስዎ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱ አየዋለሁ። ያረፈደ ያጠጣል፣ የረበሸ ያርማል። መምህርት፣ እባክዎ ይህን ይተዉት። የተቀጣ ልጅ ባልዲውን ባንዴ ገልብጦ ወደ ክፍሉ መሮጥ ነው የሚፈልገው። መሀል ገብቶ ይደፋዋል፤ ማን ምን እንደረገጠ አይቶም አያውቅም። ነገ ደግሞ የሚመጣው ሌላ ልጅ ነው። ትናንት መጠጣቱን የሚያስታውስ የለም፣ ስለዚህ በየቀኑ ይጠጣል። ሌሎቹም ልጆች አትክልት ማለት ቅጣት ነው ብለው ይማራሉ። ያረፈደውን በሌላ መንገድ ይቅጡት። መደቡን ግን ለሦስት ለአራት ልጆች በስማቸው ይስጧቸው፤ ስማቸው ጣውላ ላይ ተጽፎ ይተከል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማጠጫውን «የኔ ተራ ነው» ብለው ሲሻሙ ያገኟቸዋል።

ውሃውም ልክ ይኑረው። ዘር እስኪበቅል ድረስ ላይ ላዩ መድረቅ የለበትም፤ ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ በየቀኑ ቀስ ተደርጎ ይረጭ። ተክሉ ሥር ከያዘ በኋላ ግን ልጁ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገባ። እርጥብ ከሆነ ዛሬ አይጠጣም። ደረቅ ከሆነ በደንብ እስኪሰርግ ይጠጣ። የዝናብ ወቅት ሲገባማ ማጠጫውን ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበት።

መድኃኒት ለመርጨት ለጠየቁት መልሴ አጭር ነው፤ አይርጩ። ልጆች በእጃቸው የሚነኩትና ሳይታጠብ አፋቸው ውስጥ የሚከቱት ቅጠል ላይ ኬሚካል ቦታ የለውም፤ የነገሩኝ ችግርም በመድኃኒት የሚድን አይደለም። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ ላይ ያልበሰለ ፍግም እንዳይጨምሩ።

ተስፋ ለቆረጡት ልጆች ቶሎ የሚደርስ ነገር ያስፈልጋቸዋል። አዲሱ መደብ ላይ መጀመሪያ ፍጅል ይዝሩ፤ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይነቀላል። ዘሩ ጥልቅ አይግባ፤ አንድ ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ከጎኑ ቆስጣ ይሁን። ቆስጣ ከውጭ ከውጭ ቅጠሉ ሲቆረጥ ከመሀል እየተካ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ልጅ ይደርሰዋል። ካሮት ግን እስኪደርስ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈልግ፣ ትምህርት ቤቱ ከሚዘጋበት ቀን ወደኋላ ቆጥረው ጊዜው ከበቃ ብቻ ይዝሩት። ካልበቃ ለሚቀጥለው መንፈቅ ይቆይ፤ መደቡን ብቻ እስከዚያ ማንም አይርገጠው።